«ይሄንኑ ብሮሸር ኢንተርኔት ላይ ስቀልልኝ»

ሱቄ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ወደ አዳማ የሚያወጣው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ብዙም አይርቅም። መስታወቱ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የሠርግ ካርድ» የሚል ተለጥፏል። ዌብሳይት የሚል ቃል ኖሮበት አያውቅም፤ ከዚህ ጉዳይ በኋላም አልጨመርኩበትም።

ከሱቄ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ማኅበር አለ። እንጀራቸው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጋር የተያያዘ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ሲረከብ አብዛኛውን ጊዜ ገና ብዙ ነገር ይቀረዋል፦ የውስጥ በር፣ ኪችን ካቢኔት፣ ቁም ሳጥን፣ የመስኮት ብረት። ቁልፉን የተቀበለ ሰው በዚያው ሳምንት አናጺ ፍለጋ ይወጣል፤ ማኅበሩ ደግሞ ያንን ሰው ከሌላው ቀድሞ ማግኘት ይፈልጋል። ለዚሁ ባለ ሦስት እጥፍ ብሮሸር ሠርቼላቸው ነበር። ብሮሸርና ካርድ በሚሠራበት ፕሮግራም በማይክሮሶፍት ፐብሊሸር 2007፣ ቡኒና ክሬም ቀለም፣ ፊቱ ላይ የካቢኔት ፎቶ፣ ፎቶው ላይ ደግሞ ዘንበል ብሎ የተጻፈ የማኅበሩ ስምና ስልክ። ዘንበል ማለቱን ያዙልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣው እሱ ነው።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ያንን ብሮሸር ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ይሄንኑ ኢንተርኔት ላይ ስቀልልኝ።»

«ጋሼ፣ ብሮሸርና ዌብሳይት እኮ አንድ አይደሉም።»

«ሁለቱም ይነበባል አይደል?»

መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር መልስ የፈለግኩም አይመስለኝም፤ ሥራ ነበር የፈለግኩት። ፐብሊሸር 2007 ደግሞ አማላይ ነው፦ ፋይል የሚለውን ሜኑ ስትከፍት የወረቀቱን ሥራ ወደ ዌብ የሚቀይር ትእዛዝ አለው። ብሮሸር የሠራ ሰው በአንድ ጠቅታ ዌብሳይት ሠሪ ይሆናል ማለት ነው። እኔም አንድ ምሽት ተቀምጬ ገጾቹን ለያየሁ፣ ከላይ የሚነካ ሜኑ አስገባሁ፣ ፎቶዎቹን አሰፋሁ። በኮምፒውተሬ ላይ ሲከፈት ብሮሸሩን ቁጭ ነው። ኮራሁ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ትንሽ ነበረች። ፐብሊሸር ሥራውን ሲያወጣ ኢንዴክስ የሚባል አንድ ፋይልና ኢንዴክስ ፋይልስ የሚባል አንድ ፎልደር ይሰጥሃል፤ ፎቶውም ሌሎቹም ገጾች ያሉት ፎልደሩ ውስጥ ነው። እኔ ፋይሏን ብቻ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ማኅበሩ ቢሮ ላፕቶፕ ላይ ስንከፍተው ፎቶ የለ፣ ሜኑው ቢነካ የትም አይሄድ። ሊቀመንበሩ «ኢንተርኔት ስለሌለ ይሆናል» ብለው አዳኑኝ፤ እኔም አላረምኳቸውም። ማታ ሁለቱንም አንድ ነጻ ሆስቲንግ (ድረ ገጽ የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ላይ ጫንኩና ሊንኩን በቴሌግራም ላክሁላቸው።

ጠዋት የማኅበሩ ጸሐፊ ስልኳን ይዛ ሱቄ ድረስ መጣች። «ወንድሜ፣ ይሄ በምን ቋንቋ ነው?» አለችኝ።

ስክሪኑ ላይ የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የቃለ አጋኖና የቅንፍ ድብልቅ ነው። እኔ ለዓመታት ስተይብበት የኖርኩት ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በተሠራ የግዕዝ ፎንት ነበር። የዚያ ዘመን ፎንቶች ብልሃታቸው ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ፊደልና ምልክት ስለሆነ በዚያው ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ ይስሉበታል። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን ያው የእንግሊዝኛው ምልክት ነው። ፎንቱ ያለበት ማሽን «በር» ብሎ ያሳይሃል፤ ፎንቱ የሌለበት ስልክ ያለውን እውነት ያሳይሃል። ለወረቀት ይሄ ምንም ጉዳት የለውም፤ ፕሪንተሩ የሚያወጣው ቅርጹን እንጂ ከጀርባው ያለውን ቁጥር አይደለም። ለዚህ ነው የሠርግ ካርድ ሠሪ በዚህ ችግር ሳይመታ ዕድሜ ልኩን ሊሠራ የሚችለው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ንያላ የሚባል ፎንት ይዞ መጥቷል፤ የዛሬ አንድሮይድ ስልኮችም ግዕዝን ያሳያሉ። ስለዚህ መፍትሔው ፎንቱን ለደንበኛ ማደል አይደለም፤ ጽሑፉን እንደገና በዩኒኮድ መተየብ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ እኔ ግን ስድስት አጫጭር ገጾች ስለነበሩ በእጄ ተየብኩት። በዚያውም «ቁምሳጥን»ን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ እንደጻፍኩት አየሁ። ብሮሸሩ ከታተመ ስንት ጊዜው፣ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ከተየብኩ በኋላ ጽሑፉ ተነበበ። የስልክ ቁጥሩ ግን አልሠራም። ስልክ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሲነካ መደወያው ይከፈታል ብሎ ሰው ይጠብቃል፤ የእኛ ግን ቢነኩት ዝም። ለካ ቁጥሩ ጽሑፍ አይደለም፣ ሥዕል ነው። ፐብሊሸር ዘንበል ያለ ጽሑፍ ወይም ፎቶ ላይ የተደረበ ጽሑፍ ሲያጋጥመው፣ ድረ ገጽ ላይ እንደዚያው ማስቀመጥ ሲቸግረው፣ ወደ ምስል ለውጦት ያወጣዋል። መልኩ አይበላሽም፤ ግን አይነካም፣ ኮፒ አይደረግም፣ ጎግልም እንደ ጽሑፍ አያገኘው። የማኅበሩ ስምና ስልክ፣ ማለትም ገጹ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ መፈለግ የሚገባቸው ሁለቱ፣ በፍለጋ የማይገኙት እነሱ ሆኑ። ዘንበል ያለውን አቃናሁ፣ ከፎቶው ላይ አወረድኩ። ቁጥሩ ላይ የመደወያ ሊንክ አደረግኩ።

ሦስተኛውን ችግር ግን መፍታት አልቻልኩም። ገጹ ስልክ ላይ ይከፈታል፤ ግን የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለው። ፐብሊሸር እያንዳንዱን ሣጥን ከላይ ይህን ያህል፣ ከግራ ይህን ያህል ብሎ በልኬት ይቸነክራል፤ ስፋቱም የተቆረጠው ሰው 800 በ600 ስክሪን ላይ ኢንተርኔት ሲያይ ለነበረበት ጊዜ ነው። የብዙ አንድሮይድ ስልኮች ስክሪን ለድረ ገጽ የሚሰጠው ስፋት 360 ፒክስል አካባቢ ነው። ወረቀት ስፋቱ ሳይታወቅ ሥራ አይጀመርም፤ ኤ4 ነው ወይስ ኤ5 ብለህ ነው የምትጠይቀው። ድረ ገጽ ግን ስፋቱን የሚወስነው የሚያነበው ሰው ነው። ሁለት ዓምድ የነበረው በጠባብ ስክሪን አንድ ዓምድ ሆኖ መፍሰስ አለበት፤ የተቸነከረ ሣጥን ደግሞ አይፈስም።

በፕሮግራሙ ላይ አልፈርድም። ፐብሊሸር በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ የወረቀት ሥራ መሣሪያ ነው፤ ዌብሳይት መሥራት ኋላ የተጨመረለት ሙያ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ከ2010 እትም ጀምሮ አዲስ ዌብሳይት መጀመሪያውን አውጥቶታል። እኔ የ2007ቱን ይዤ ነበርኩና ዜናው አልደረሰኝም፤ በተሰረዘ መንገድ ስነዳ ነበር ማለት ይቻላል።

እንዲያም ሆኖ ሊቀመንበሩ ገጹን ተቀበሉ፣ ከፈሉኝም። «ጣት አይደለም እንዴ፣ ሰፋ አድርጎ ያንብብ» አሉ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ካቢኔት የሚሠራበት የኤምዲኤፍ ጣውላ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ሲወጣ የካቢኔቱ የካሬ ዋጋ አብሮ ይወጣል፤ ገጹ ላይ ያለው ዋጋም መቀየር አለበት። ጸሐፊዋ ትደውላለች፤ እኔ ፐብሊሸር እከፍታለሁ፣ ቁጥሩን እቀይራለሁ፣ መልሼ እጭናለሁ፣ ለለውጥ ብዬ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሳላስበው ነው። ኋላ ግን ገባኝ፤ ገብቶኝም ቀጠልኩ። ያ አሠራር ለእኔ ጥሩ ነበር። በየለውጡ ትንሽ ብር ትገባለች፣ ደንበኛውም የትም አይሄድም። ስለ ዌብሳይት መሣሪያ ሲወራ ይሄኛው ይሻላል፣ ያኛው ይፈጥናል ይባላል እንጂ ቁልፉ በማን ኪስ ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ብዙ አልሰማሁም። የማኅበሩ ቁልፍ በእኔ ኪስ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በኃይል መጣ። ሰፈራችን ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ስታቢላይዘሬ ግን ለፎቶ ኮፒው እንጂ ለኮምፒውተሩ አልነበረም። ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። ያየው ባለሙያ «እግዜር ያጽናህ» ብሎ መለሰልኝ። የሠርግ ካርዶቹን ብዙ አላዘንኩባቸውም፤ ያገባው አግብቷል። የማኅበሩ የፐብሊሸር ፋይል ግን ሌላ ቦታ አልነበረም።

ገጹ ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ሁሉም ሰው ያየዋል፤ የሚያስተካክለው ግን የለም። ሰርቨሩ ላይ ያለውን አውርጄ በኖትፓድ ከፈትኩት። አንድ መስመር ዋጋ ለመቀየር በልኬትና በሣጥን ትእዛዝ የተሞላ ጫካ ውስጥ መግባት ነው፤ ያም ጽሑፍ ሆኖ የቀረው ከሆነ ነው። የዋጋ ዝርዝሩን በኋላ ለማሳመር ባለቀለም ቅርጽ ላይ ደርቤው ነበርና እሱም ሥዕል ሆኗል። የራሴን ትምህርት በሁለት ወር ረስቼ።

በዚሁ መሀል ሊቀመንበሩ ስልካቸውን ቀየሩ። የድሮው ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ለአንዲት እናት። ሰው ኮዬ ፈጬ ሆኖ ገጹን አይቶ ይደውላል፤ እሷ «እኔ ካቢኔት አልሠራም፣ እንጀራ ነው የምጋግረው» ትላለች። ይሄን ያወቅነው አንዱ ደንበኛ በአካል መጥቶ «የደወልኩላቸው ሴትዮ ተቆጡኝ» ብሎ ሲስቅ ነው። ሊቀመንበሩ አልሳቁም። «ልጄ፣ ቤቱ የኔ ነው፣ በሩን የምትከፍተው አንተ ነህ፤ አንተም ቁልፉን ጣልከው» አሉኝ።

እንደገና ለመሥራት ስንነሳ ከጸሐፊዋ ጋር አብረን ተቀመጥን። ያኔ የጠየቅኳት ስለ ቀለም አልነበረም፤ «የእንጨት ዋጋ ማክሰኞ ማታ ቢቀየር ማን ይቀይረዋል?» አልኳት። «እኔ ነኛ፣ በስልኬ» አለች። ከዚያ በኋላ አማራጮቹን የለየልን ይሄ መልስ ነው።

ስክሪበስን አየሁ። ነጻ ነው፣ ለኅትመት ጠንካራ ነው፣ ፐብሊሸርን ለመተካት ከሚታሰቡት አንዱ ነው፤ ግን የሚያወጣው ፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍ በቴሌግራም ለመላክ ሸጋ ነው፤ ግን ያው የተቸነከረ ወረቀት ነው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይመለሳል። ኢንዲዛይን ወደ ድረ ገጽ ቋንቋ ያወጣል፤ ለእኛ ግን በየወሩ የሚከፈልበት ትልቅ መኪና ነው። ካንቫ ለጊዜው አማልሎኝ ነበር። እንደ ፐብሊሸር ሣጥን እየጎተትክ ትሠራለህ፣ በነጻ አድራሻም ታወጣዋለህ፣ ለስልክም ይስተካከላል። ጸሐፊዋ ግን ሁለት ቀን ሞክራው ዋጋ ልትቀይር ገብታ ፎቶ ይዛ ወጣች፤ ጣቱ ለወፈረ ሰው በስልክ ስክሪን ላይ አይመችም አለች።

በእጅ ልጽፈው ደግሞ እችል ነበር። እንዲህ ላለ ገጽ ንጹሕ ኤችቲኤምኤል፣ ማለትም በእጅ የተጻፈ የድረ ገጽ ቋንቋ፣ ከሁሉም ይፈጥናል። ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት ዘዴ በዩቲኤፍ 8 አንዲት የግዕዝ ፊደል የምትይዘው 3 ባይት ነው፤ ሁለት ሺህ ፊደል ጽሑፍ 6 ኪሎባይት አካባቢ መሆኑ ነው፤ ከስልክ የወጣ አንድ ፎቶ ብቻውን ከዚያ በብዙ መቶ እጥፍ ይከብዳል። ጊትሃብ የሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ በነጻ ይቀመጣል። ዳታ በብር ለሚገዛ ደንበኛ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ግን ቁልፉ ተመልሶ ኪሴ ሊገባ ነው። ዎርድፕሬስ የሚባለውን የዌብሳይት መሥሪያ በራስ ሆስቲንግ ላይ መጫንም እንዲሁ፦ ዝመናውን የሚከታተል ሰው ይፈልጋል፣ ከውጭ ሆስቲንግ ለመግዛት ደግሞ በዶላር የሚከፍል ካርድ። ማኅበሩ ያለው ቴሌብር ነው።

በመጨረሻ ጎግል ሳይትስ ላይ ወረድን፤ የጎግል ነጻ የዌብሳይት መሥሪያ ነው። መልኩ ደረቅ ነው፤ አልክድም። ፊደሉን እንደልብህ አታደርገውም፣ ፎቶ ላይ ዘንበል ያለ ጽሑፍ የለም። ያ አለመቻሉ ግን እኔን ከራሴ አዳነኝ። ገጹ ስልክ ላይ ራሱ ይስተካከላል፣ ክፍያ የለውም። አካውንቱን የከፈትነው በማኅበሩ ስም ነው፤ የይለፍ ቃል ቢጠፋ መልእክት የሚሄደው ወደ ቢሮው ስልክ ነው እንጂ ወደ እኔ አይደለም። እኔና ጸሐፊዋ አርታኢ ሆነን ገባን። የእኔን መብት ሥራው ሲያልቅ አንስታዋለች፤ ያንን እኔው ነኝ ያሳየኋት።

እዚህ ግን አንድ ነገር ሳልፈትሽ ቃል ገብቼ ነበር፦ ጎግል ሳይትስን ለማስተካከል ኮምፒውተር ያስፈልጋል፣ በስልክ አይመችም። ማክሰኞ ማታ ቤቷ ሆና ዋጋ መቀየር የሚለው ነገር ሊፈርስ ሆነ። ያወጣን የዋጋ ሠንጠረዡን ለብቻው መለየት ነው። ዋጋውን የጎግል የሠንጠረዥ መሥሪያ በሆነው ጎግል ሺትስ ላይ ጻፍነው፤ ሠንጠረዡን ገጹ ውስጥ ተከልነው። ሺትስ የስልክ አፕ አለው። እሷ ስልኳ ላይ ቁጥሩን ስትቀይር ገጹ ላይም ይቀየራል፤ ገጹን የሚነካው የለም።

በመጀመሪያው ቀን ለእኛ ታየን፣ ለደንበኛ ግን አልታየም። ሠንጠረዡን «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» ብለን አላጋራነውም ነበር፤ እኛ በአካውንታችን ገብተን ስለነበር ተከፈተልን፣ ሌላው ሰው ፈቃድ ጠይቅ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ከለወጥኩ በኋላ የማየው በራሴ ስልክ ሳይሆን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ በመጣ ሰው ስልክ ነው። አንድ ሻይ ያስከፍለኛል። ሌላም እንከን አለው፦ የተተከለው ሠንጠረዥ ጠባብ ስክሪን ላይ በትንሽ መስኮት ውስጥ ነው የሚታየው፤ ሦስት ዓምድ ከበዛ ወደ ጎን መግፋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ብቻ አስቀረን፦ ሥራውና የካሬ ዋጋው። ማብራሪያው ሁሉ ወጣ፤ ሲወጣ ደግሞ ማንም እንዳላነበበው ታወቀ።

ፎቶዎቹን 1200 ፒክስል ስፋት ላይ አውርጄ ጫንኩ። የድሮውን ገጽ ፋይሎች አውጥቼ በቦታው አንድ መስመር አኖርኩ፦ አዲሱ አድራሻና አዲሱ ስልክ። እንጀራ የምትጋግረዋ እናት ስልክ ጸጥ ያለላት ከዚያ በኋላ ነው።

የጎግል ሳይትስ አድራሻ ረጅም ነው፤ በቃል አይያዝም፣ በወረቀት ላይ ቢጻፍም የሚተይበው የለም። ስለዚህ ወደ ብሮሸሩ ተመለስኩ። ያንኑ ባለ ሦስት እጥፍ፣ ከታተመ ቅጂ አይቼ፣ በዩኒኮድ እንደገና ሠራሁት። ዋጋውን ከወረቀቱ አውጥቼ በቦታው ኪውአር ኮድ አስገባሁ። ወረቀቱ አያረጅም፣ የሚለወጠው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዘንበል ያለው ጽሑፍም ተመለሰ፤ ወረቀት ላይ ያምራል።

የሠራሁት በስክሪበስ ነው። ማይክሮሶፍት ፐብሊሸርን በጥቅምት 2026 እ.ኤ.አ. ከማይክሮሶፍት 365 እንደሚያወጣው፣ ከዚያ ወዲያ በደንበኝነት የሚጠቀሙ ሰዎች የፐብሊሸር ፋይላቸውን በእሱ መክፈት እንደማይችሉ አስታውቋል። የእኔ የ2007ቱ የዚያ ደንበኝነት አካል አይደለም፤ ግን አንድ ሃርድ ዲስክ ከቀበሩ በኋላ ሰው ይፈራል። ያሉኝን ፋይሎች ከየደንበኛው ፍላሽ እየሰበሰብኩ ፒዲኤፍ እያደረግኳቸው ነው፤ አንዱን ኮፒ ቤት፣ አንዱን ሱቅ።

መቶ ብሮሸር አትሜ ወስጄ ስሰጥ ሊቀመንበሩ ኪውአሩን በጣታቸው ነኩት። «ይሄ የተበታተነ ጥቁር ነገር ምንድን ነው? ቀለም ፈሰሰብህ?» ጸሐፊዋ ስልኳን አወጣችና ኮዱን አነሳችው፤ ገጹ ተከፈተ፣ የካቢኔቱ ዋጋም ታየ።

«ይሄ ዋጋ የትናንቱ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«የዛሬው ነው ጋሼ። ማታ ቤት ሆኜ ቀየርኩት።»

ስልኩን ትንሽ አራቅ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እሷ ከቀየረችው፣ ያንተ የለውጥ ሂሳብ ምን ሊሆን ነው?»

የብሮሸሩን ብቻ ተቀብዬ ወጣሁ።